ስሟ ያልተጠራባቸው ደቂቃዎች

ስለ እሑዱ ጨዋታ ሁለት ወሬ ነበር። ሬዲዮው «ጎሉ የገባው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ተከላካይ ስሕተት ነው» አለ። ሜዳው ድረስ ሄዶ ያየው ወጣት መምህር ደግሞ «ያቺ ልጅ ባትኖር አራት ይገባ ነበር» ብሎ ለጎረቤት አወራ። የልጅቱ አባት፣ ቧንቧ ሠሪው፣ የሰማው ሬዲዮውን ብቻ ነው።

ቧንቧ ሠሪው ኳስ ወዶ አያውቅም። ልጁ ሌላ ከተማ፣ በክለብ ማደሪያ መኖር ከጀመረች ወዲህ ግን እሑድ እሑድ ሬዲዮውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስሟን ይጠብቃል። የአጥቂዎቹ ይጠራል፤ የበረኛዋ ይጠራል፤ የእሷ የለም። ሦስት ወር ጠብቆ በመጨረሻ ቢሰማው ለነቀፋ ሆነ። ክለቡ የላከው የሁለት ዓመት ውል የአባት ፊርማ ይፈልጋል፤ ወረቀቱ በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከታች ከተቀመጠ ዘጠኝ ቀን አልፎታል። የመጨረሻው ቀን ዓርብ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ሰኞ ጠዋት የመምህሩ ወጥ ቤት ቧንቧ ፈነዳ።

«ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዝጋው!» አለ ቧንቧ ሠሪው ገና ከበሩ። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ ከመታጠቢያው ሥር ገባ። «መቼም ውሃው ደህና ሲወርድ ‹ተባረክ› የሚለኝ የለም። የምጠራው ሲያፈስ ነው።»

«ጋሼ፣ ልጅዎ እሑድ አኮራችን።»

«በጠዋቱ ታሾፍብኛለህ?»

«ኧረ በጭራሽ! የተቀደመችው ሌላዋ ተከላካይ ናት። የእርስዎ ልጅ የሷን ቦታ ልትሸፍን ሮጣ ደረሰች፤ ኳሱ እግሯን ነክቶ ገባ። ባትደርስም መግባቱ አይቀርም ነበር።»

«ተመልካቹ ‹መዝጊያዋ› ይላታል አሉ። እኔ የሰው ስም አውጥቼላት፣ የዕቃ ስም ይለጥፉባት?»

መምህሩ ሳቀ። «ሙገሳ ነው እኮ! ቅድም መዝጊያው ባይኖር ወጥ ቤቴ ኩሬ ሆኖ ነበር።»

«ቁምጣውስ? ሴት ልጅ በአደባባይ…»

«የሥራ ልብሷ ነው። እርስዎ በዚህ ቱታ ሠርግ ይሄዳሉ?»

ቧንቧ ሠሪው ሳቁን ዋጠ፤ በቀላሉ የሚረታ ሰው ግን አልነበረም። «እሺ፣ እግሯ ቢሰበርስ? ትምህርቷን ጥላ፣ እግሯንም አጥታ ልትቀር ነው?»

ለዚህስ መምህሩ አልተከራከረም። እውነት ከሌላው ወገን ስትመጣም እውነት ናት። «እዚህ ላይ ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ትምህርቷንና ሕክምናዋን ውሉ ውስጥ ያስገቡልኝ ይበሏቸው። መብትዎ ነው። ግን ሥራዋን ስለማናይ ብቻ አትከልክሏት። በላቧ ማደር ጀምራለች። እኔ የማስተምራቸው ሴቶች ልጆችም ከሷ ወዲህ ‹እኔስ ምን ልሁን?› ማለት አምጥተዋል፤ ድሮ ይህን የሚጠይቁኝ ወንዶቹ ብቻ ነበሩ።»

ቧንቧ ሠሪው ከመታጠቢያው ሥር ሆኖ መፍቻውን ማዞር ቀጠለ።

«ቁምጣውም ምኑም ሰበብ ነው፣ ልጄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመንገድ ያገኘችውን ጠጠር እየለጋች መጥታ የግቢውን ቆርቆሮ በር ታንኳኳበት ነበር። ‹ቀለሙን ላጥሽው!› እያልኩ ስቆጣ ኖርኩ። አሁን በሩን የሚመታው የለም። ባትፈርምላት ትመለሳለች ይለኛል ልቤ።»

«ትመለስ ይሆናል፣ ጋሼ። ጠጠር እየለጋች ግን አትመለስም።»

መፍቻው ቆመ።

«ጨዋታው ስንት ደቂቃ ነው?»

«ዘጠና።»

«ስሟ ስንት ጊዜ ተጠራ?»

«አንዴ።»

ቧንቧ ሠሪው በክርኑ እየተንፏቀቀ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ከሃያ ዓመት በፊት የቀበረው ቧንቧ ትዝ አለው፤ አንድ ቀን አፍስሶ አያውቅም፤ ማን ሠራው ብሎ የጠየቀም የለም።

«ስሟን ባጣሁ ቁጥር ከጨዋታ ውጭ አስቀምጠዋታል፣ አንገቷን ደፍታለች እያልኩ ስብሰለሰል… ለካ ያልተጠራችው ደህና ሆና ነው! የኔኑ ሙያ ይዛለች፣ እኔው ሳላውቅላት።»

ብዙ አባት ልጁን የሚይዘው ከክፋት ሳይሆን ከናፍቆት ነው፤ ናፍቆት ግን በር ሲዘጋ አይበርድም። መምህሩ ይህን ሊናገር አስቦ ተወው፤ ሽማግሌው ቀድሞታል።

ቧንቧ ሠሪው እጁን በጨርቅ አደረቀ፤ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት አወጣ፤ ብዕር እንዲያቀብለው ለመምህሩ መዳፉን ዘረጋ።

«ትምህርቷና ሕክምናዋ ይጻፍልኝ እንጂ እፈርማለሁ። እሑድም ሬዲዮ አልከፍትም። ሜዳው ድረስ ሄጄ ዳር እቀመጣለሁ፤ ዘጠናውን ደቂቃ ማንም ባይጠራት፣ እኔ በስሟ እጠራታለሁ!»