ለእማዬ ድምፅ የተቀጠረው ዘበኛ

ይግቡ አክስቴ፣ ይግቡ! ደረጃው አደከመዎት አይደል? ሦስተኛ ፎቅ እኮ ጉልበት ይጨርሳል። እዚህ መስኮቱ ጋ ይቀመጡ፣ ትንሽ ነፋስ ያገኛሉ። ልጆቹ ደህና ናቸው? እሰይ። የታናሽ እህቴ ባል ካልተነሳልዎት አይቀየሙት፤ ከጠዋት ጀምሮ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተደፋ ነው። መቼም ሥራ አይፈራም!

የእህትዎን ድምፅ ሊሰሙ እንደመጡ አውቃለሁ። እማዬ ከማረፏ በፊት ስንት ወር አጠገቧ ተቀምጬ ቀዳኋት። ልጅነታችሁን ስታወራ፣ እርስዎን ስታማ፣ መሃል ላይ ደግሞ ድመቷን ስትቆጣ... አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ እዚሁ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጬው ነበር። እሱን እንኳ... ይቆዩ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውትዎት።

አንድ አዋቂ ሰው አለ እንበል። ስሙ ምን ያደርግልናል? አዋቂ ነው በቃ። ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ያ ሃያ ዓመት ሙሉ ይሄንኑ ሲሠራ የኖረ ምስኪን፣ «ለቤት ከሆነ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣው የቫይረስ መከላከያ ይበቃችኋል፤ በየጊዜው አድሱት፣ የማታውቁትን ነገር አትክፈቱ» አለን። ሃያ ዓመት ሠርቶ ይቺን ብቻ! አዋቂያችን ሳቀበት። «በነፃ የመጣ ነገር ምን ሊጠብቅ? ለብቻው የሚሸጥ ፀረ ቫይረስ ነው የሚያስፈልገው» አለ። እሱ ባይኖር ማን ያስብልን ነበር?

ታዲያ ገዛው? ኧረ አክስቴ፣ መግዛት የሞኝ ነው! ያንኑ የሚሸጠውን ከሆነ ጉድ ቦታ በነፃ አወረደው። በነፃ የመጣ አይጠብቅም ያለው ሰውዬ... ይተዉት፣ ጥልቅ ነገር ነው፣ ለእኔና ለእርስዎ አይገባንም።

ኮምፒውተሩ ግን ስድ ነው። «ይሄ ፋይል አደገኛ ነው» ብሎ በቀይ ጻፈለት። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። አዋቂያችን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቅናት ነው! ተፎካካሪ መጥቶበት ነው!» ሆሆ! ማሽን እንደሚቀና እኔ በዚህ ዕድሜዬ መች አውቄ? መመሪያው ደግሞ «መጀመሪያ ያለውን መከላከያ አጥፉ» ይላል። አጠፋዋ! በገዛ እጁ፣ ኮራ ብሎ። ዘበኛውን አሰናብቶ ሌባውን በር ላይ ማቆም እኮ ድፍረት ይጠይቃል፣ ሁሉም ሰው አይችለውም።

...አንተ ሥራህን ቀጥል የኔ ወንድም፣ ስላንተ አይደለም የምናወራው።

በማግስቱ ፋይሉ ሁሉ ተቆልፎ አገኘነው፤ አንዱም አልከፈት አለ። ሌላ ቅጂ አልነበረሽም ወይ ይሉኝ ይሆናል። ነበረኝ እንጂ! በፍላሽ፣ በመሀረብ ጠቅልዬ፣ መሳቢያዬ ውስጥ። አዋቂ ሰው መች ይረሳል? ያን ፕሮግራም በጫነ ዕለት «ይሄም ይመርመር» ብሎ ከመሳቢያዬ አውጥቶ ሰክቶታል። እሱም አብሮ ተቆለፈ። ጠጋኙ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «አይመለስም» አለ። የሃያ ዓመት ሠራተኛ ምን ያውቃል? አዋቂያችን እንደሆነ እስከ ዛሬ «ሌላ የተሻለ ፕሮግራም አለ» እንዳለ ነው።

እኔ ምንም አልሆንኩም። ብቻ... ድምፅዋ ከጆሮዬ እየጠፋ ነው አክስቴ። «ነይማ» ስትለኝ እንዴት ነበር የምትለው? እርስዎ ያስታውሱታል? እኔ ትናንት ልሞክረው ብዬ አቃተኝ።

አይ፣ ሰው አልረግምም። ይልቅ እንመርቀው። እናቱ በሕይወት አሉ፤ ደግ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸውም ማር ነው። እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝምለት። ጨዋታቸውን ጠግቦ ይስማ። የማይቀረው ቀን ሲመጣ ደግሞ፣ ድምፃቸውን በአደራ የሚያስቀምጥለት... ልክ እሱን የመሰለ አዋቂ አያሳጣው። አሜን ይበሉ እንጂ አክስቴ!