ጋሼ ሙሄ ያልጠሩት ስም

ጋሼ ሙሄ ልጃቸውን ዙልፋን ደግፈው ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ የደረሱት ፀሐይዋ ሳትበረታ ነበር። ጉልበቷ ያበጠው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ስባ በክራንች ትራመዳለች። አዲስ አበባ የጀመረችውን ሕክምና አስቋርጠው ማጀቴ ወጌሻ ዘንድ ሊወስዷት ነው። ለእሷ «ወለምታ ነው» ብለዋታል። ሐኪሙ የአጥንት ካንሰር መሆኑን ለብቻቸው ከነገራቸው ወዲህ ግን፣ እንኳን ለልጃቸው ለራሳቸውም ስሙን ጠርተውት አያውቁም። መርዶን ሸሽጎ ማቆየት ያገራችን ወግ ነው፤ ለሞተ ሰው የተበጀውን ወግ በሕይወት ላለች ልጅ ማዋል ግን ሌላ ነገር ነው።

ዙልፋን ጥላ ሥር አስቀምጠው ውሃ ሊገዙ ሲሉ አንድ ወጣት ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። የጎረቤታቸው የንጉሤ ልጅ ናሆም ነው።

«አንተ፣ አለህ እንዴ? እግሩ ተቆረጠ ሲባል በዚያው ቀረ ብለን ነበር እኮ!»

«እግሬ ቀረ እንጂ እኔስ አለሁ፣ ጋሼ» አለ፤ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ሰው ሠራሹን እግር እያሳየ። «አሁንም ወደ ትምህርቴ፣ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ነው። ዙልፋን ወዴት ይዘዋት ነው?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስሙን ሳይጠሩ፣ ሐኪሙ ያላቸውንና ወደ ማጀቴ ወጌሻ መሄዳቸውን ነገሩት።

«ወጌሻ ለወለምታ ደግ ነው፤ አይነቀፍም» አለ ናሆም። «ይኼ ግን ሲታሽ ይብስበታል፤ አጥንቷም ሊሰበር ይችላል። እኔም በዚሁ በሽታ ስታሽ ነው ጊዜዬን ያባከንኩት።»

«መድኃኒቱ ሊጨርሳት ነው እኮ! ፀጉሯ ረገፈ፤ የቀመሰችውን ሁሉ ታስመልሳለች። መጨረሻው ደግሞ መቁረጥ! ማን ሊያገባት?»

«መድኃኒቱ ክፉ ነው፤ አልዋሽዎትም። እግር የሚቆረጠው ግን ለሁሉም አይደለም፤ የእሷን ሐኪሟ ያውቃል። ቢቆረጥስ፣ ባል የሚመጣው በሕይወት ላለች ልጅ አይደል?»

ጋሼ ሙሄ ተቆጡ። የተቆጡት ነገሩ ስድብ ሆኖባቸው ሳይሆን እውነት ሆኖባቸው ነው።

«እና አንተ እንዴት ቻልከው?» አሉ።

«መጀመሪያ አልቻልኩም። ቤተሰቦቼ ከበር ውጪ ሲንሾካሾኩ፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስገምት ከረምኩ። ስሙን ሲነግሩኝ አለቀስኩ፤ ከዚያ ግን መጠየቅ ጀመርኩ። ለማስመለሱ ማስታገሻ እንዳለው ያወቅሁት ጠይቄ ነው። ፀጉሬን ከጓደኞቼ ጋር አብረን ተላጨን። አንዳንድ ቀን እስቃለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሰው አላናግርም። እንዲህ እንዲህ እያለ አለፈ።»

«ብነግራት ተስፋ ትቆርጣለች።»

«እስቲ ይጠይቋት።»

ጋሼ ሙሄ ውሃውን ረስተው ወደ ጥላው ተመለሱ። «ዙልፊዬ፣ ሕመምሽ... ወለምታ አይደለም...» አሉና ሻርፗን ያስተካክሉላት ጀመር።

«ካንሰር ነው፤ አውቃለሁ አባ» አለች። «ሆስፒታል አብረውኝ የተኙት ልጆች ሁሉ ያውቃሉ። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ማጀቴም እሺ ያልኩት ለአንተ ብዬ ነው። እኔ ግን መዳን እፈልጋለሁ።»

«ያ ረቢ!» አሉና በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አለቀሱ። ረዳቱ «ማጀቴ! አንድ ሰው፣ ሞላ!» እያለ ሲጣራ በእጃቸው ሸኙት።

እውነቱ መነገሩ እጢውን አያጠፋውም፤ ለእሱ ሕክምናው አለ። ነገር ግን ለየብቻ የያዙትን ፍርሃት ተካፈሉት። ከእንግዲህ ማስመለሱ ሲጠናባት ለሐኪሙ፣ ሲከፋት ለአባቷ ትናገራለች፤ አባቷም መንገድ ሲመርጡ ልጃቸውን ይጠይቃሉ።

ሦስቱም የተሳፈሩበት የአዲስ አበባው መኪና ሲነሳ ዙልፋ ወደ ናሆም ዞራ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ጠየቀች።

«ይኼ እግር ለሶላት ይታጠፋል?»

«አንዳንዴ ሚዛን ያስታል እንጂ ይታጠፋል» አለ ናሆም። «እኔም ስቅለት ዕለት ሰግጄበታለሁ።»

ዙልፋ ሳቀች። ጋሼ ሙሄ ያንን ሳቅ ከሰሙት ቆይተው ነበር።