ምርቃት የሌለው ጭነት

ከቴፒ ሚዛን ተፈሪ የሚያስኬደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ ላይ መኪና ተሰበረ ቢሉት አይገርመውም። እኔንም መሰበሩ አልገረመኝም። የገረመኝ ባሕር በሌለበት በዚያ ደን መካከል፣ ጭቃ በዋጠው መኪና ውስጥ ተቀምጠን ስለ መርከብ ስንከራከር መዋላችን ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ቴፒ አስተማሪ ነበርኩ፤ ያን ዕለትም ሚዛን ለስብሰባ ተጠርቼ መሄዴ ነበር። በዚያን ጊዜ የማንሰበሰብበት ጉዳይ አልነበረም። ስለ ምርት ተሰብስበን ስንወጣ፣ ከስብሰባው ስለቀሩት ሰዎች ለመነጋገር እንደገና እንሰበሰባለን። ከማጨብጨብ ብዛት እጄ ዝሎ፣ ልቤም ሰልችቶት ነበር። አውቶቡስ ስለጠፋ ቡና ከጫነ አንድ ኤንትሬ መኪና ጋቢና ውስጥ ቦታ ለምኜ ገባሁ።

በጋቢናው ውስጥ ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ነበር። አንደኛው የቡናው ኃላፊ፣ የገበሬ ማኅበራቸው ሊቀመንበር አቶ ወልደጻድቅ ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ አንድ ቆርቆሮ ማር በእግራቸው መካከል አቁመዋል። ሁለተኛው እንድርያስ የሚባል የቴፒ ተወላጅ ወጣት ነው። ትምህርቱን ጨርሶ አሰብ ወደብ ላይ የባሕር ማጓጓዣውን በሚቆጣጠረው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት መርከብ መርማሪ ሆኗል። የታመመች እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ፣ አሁን ወደ ሥራው መመለሱ ነው። በዚያ መኪና እንዲሄድ የጋበዙት አቶ ወልደጻድቅ ናቸው። ለምን እንደጋበዙት በኋላ ገባኝ።

ከመነሳታችን በፊት ባየ የሚባለው ሾፌር «መኪናው ሞልቷል፣ ይበቃል» ብሎ ሸራውን ሊያስር ሲል፣ አቶ ወልደጻድቅ «ምርቃቱስ?» አሉት። በእኛ ገበያ ማርም ሆነ ቡና ሰፍሮ የሚሸጥ ሰው፣ ጣሳው ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ አንድ እፍኝ ይጨምርበታል። ያን ያልጨመረ ነጋዴ ንፉግ ይባላል። አቶ ወልደጻድቅ ይህን የገበያ ደግነት ወደ መኪና አምጥተውት ኖሮ፣ በሞላው ላይ ሦስት ጆንያ አስጫኑበት። ባየ ራሱን እየነቀነቀ አሰረው።

ዳገቱን እኩሌታ ሳንወጣ ከበታቻችን አንድ ነገር ጮኾ ተሰበረ። ባየ ወርዶ አየና፣ ጭነቱን የሚሸከመው የኋላው ብረት፣ ባሌስትራው መሆኑን ነገረን። ቁጣውን በሆዱ ይዞ፣ በመጀመሪያ ባለፈው መኪና ተሳፍሮ ባሌስትራና መካኒክ ሊያመጣ ሚዛን ሄደ። በጋ ነው ብሎ የማይምረው የዚያ አገር ዝናብ ወረደብን። ሦስታችን ጋቢናው ውስጥ ተፋፍገን ቀረን።

አቶ ወልደጻድቅ ጊዜ ሲያገኙ ጉዳያቸውን አወጡት። ተረፈ የሚባል ልጃቸው በአንዲት ያገራችን መርከብ ላይ ባሕረኛ ነው። ሚዛን ከሚኖር አስረስ ከሚባል ልብስ ሰፊ ዘንድ ሽማግሌ ልከው፣ ዓለምሸት የምትባለውን ልጁን አጭተውለታል። ሠርጉ አንድ ጊዜ ልጁ በጉዞ ላይ በመሆኑ ተላልፏል። አሁን ደግሞ መርከቧ አሰብ ስትደርስ የባሕሩ መሥሪያ ቤት «እስክትጠገን ንቅንቅ አትልም» ብሎ ያዛት፤ ባሕረኞቹም ከጥገናው ሳይለዩ ተቀመጡ። አስረስ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሠርጉ ካልሆነ፣ ልጄን ቦንጋ ላለው ጠያቂዋ እሰጣለሁ ብሎ ቁርጡን ልኳል። ማሩ አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ቢሮ ለሚሠራው ለወንድማቸው ልጅ ለአለሙ የሚላክ ነው፤ አንድ ቃል ተናግሮ መርከቧን እንዲያስለቅቅ። እንድርያስም በበኩሉ አንድ ቃል እንዲጨምር ነው የጋበዙት።

እንድርያስ መርከቧን እንደሚያውቃት፣ መርምረው ካስቆሟት ሰዎች አንዱም እሱ መሆኑን በዝግታ ነገራቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩበት።

«እንግዲያው አንተ ነሃ ልጄን ያሰርከው» አሉ።

«ልጅዎን አይደለም አባቴ፤ መርከቧን ነው።»

«መርከቧማ ስትሄድ ስትመጣ ኖራለች። ዛሬ ምን ነካት? ስማኝ፣ እኔ ኬላ ሰልችቶኛል። ለእኅቴ አንድ ቁና ቡና ይዤ ጌጫ ልሂድ ብል ኬላ ላይ ያራግፉኛል። ወረቀት ስል ማኅተም፣ ማኅተም ስል ሌላ ወረቀት ይሉኛል። ባሕሩ እንኳ ተርፎ ነበር፤ እዚያም ሄዳችሁ ኬላ አቆማችሁበት።»

ነገራቸው እውነት ነበረበት፤ እኔም በልቤ ደገፍኳቸው። እንድርያስም አልካደም። ስለ ቡና ኬላው ጠበቃ እንዳልሆነ፣ እሱ ራሱ ለእናቱ ያመጣውን መድኃኒት ሳይቀር እንደበረበሩበት ተናገረ። ከዚያ ግን የሁለቱን ልዩነት ሳይቸኩል ማስረዳት ጀመረ። የእሱ መሥሪያ ቤት የሚመዘግበው የትኛዋ መርከብ የማን እንደሆነች ነው፤ ስትጎዳ ተጠያቂው እንዳይጠፋ። ባሕረኛውን የሚፈትነው ማዕበል ሲመጣ የሚያደርገውን ያወቀ እንደሆነ ለማየት ነው። መርከብ ስትጋጭ ወይም ስትቃጠል ምክንያቱን የሚያጣራው ሌላዋ በዚያው ጥፋት እንዳትጠፋ ነው። የምትነሳውን መርከብ ሆዷን፣ ሞተሯን፣ የዕቃ ማስገቢያ ክዳኗን አይቶ ይፈቅዳል፤ ካልሆነላት ይከለክላል። ይህን ሁሉ የሚናገረው እንደ ስብሰባ ተናጋሪ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ተናግሮ ብዙ ጊዜ የተሰደበበት ሰው ድምፅ ነበር።

አቶ ወልደጻድቅ ወደ ሃይማኖት ዞሩ። ባሕር የእግዚአብሔር ነው፤ ቀኑ የደረሰ ሰው በአልጋውም ይሞታል፤ ወረቀት ሞትን አይመልስም አሉት።

«እናቴ ስትታመም በቃሬዛ አሸክመው ሐኪም ቤት ያደረሷት እርስዎ ነዎት አሉ» አለ እንድርያስ። «የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነገረኝ። ያን ጊዜ ቀኗ ከደረሰ ትሙት አላሉም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ መርከቧን ያስያዛት ጥፋት ምን እንደነበር ጠየቁ። ሲጠይቁ የመሸነፍ ሳይሆን የመድከም መልክ ነበራቸው፤ ዝናቡም፣ ሠርጉም፣ ኬላውም አንድ ላይ የተጫኗቸው ይመስሉ ነበር።

እንድርያስ በጭጋግ በተሸፈነው መስታወት ላይ በጣቱ መርከብ ሣለላቸው። በጎኗ ላይ አንድ መስመር አሰመረ። እያንዳንዷ መርከብ እንዲህ ያለ መስመር በጎኗ ላይ በቀለም ይሠራላታል አለ። ቦታው በዘፈቀደ የሚመረጥ አይደለም፤ ተለክቶ ነው። ጭነት ሲገባባት ወደ ውኃው ዝቅ ትላለች፤ ውኃው መስመሩ ላይ ሲደርስ ጭነቱ ያበቃል። ከዚያ ካለፈ፣ ወደብ ላይ ምንም ያልሆነች መርከብ ማዕበል ሲመታት ቀና ለማለት አቅም ታጣለች። ይህችኛዋ መስመሯ ከውኃ በታች ገብቶ ነበር።

«ብዙ ነው ያለፈው?»

«ትንሽ ነው።»

«ታዲያ በትንሽ ነገር...» ብለው ጀመሩና፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ቀሩ። ጋቢናው በተሰበረው በኩል ዘምሞ ነበር። ሦስታችንም ባሌስትራው ከተሰበረ ጀምሮ ወደ አንድ ጎን ተጋድመን እንደነበር ያን ጊዜ ልብ ያልነው ይመስለኛል። እንድርያስ ስለ ሦስቱ ጆንያዎች አንዲት ቃል አልተናገረም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ እናገር ነበር፤ አስተማሪ ነኝና።

«ባየ ሞልቷል ብሎኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው ራሳቸው። «መኪናም እንደ ጣሳ መሰለኝ።»

«እዚህ ቢሰበር ወርደን መቆም እንችላለን» አለ እንድርያስ። «ባሕር ላይ መውረጃ የለም።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ክርክሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አቶ ወልደጻድቅ ግን ሰውን ቶሎ የሚለቁ አይደሉም። ትርፉ ጭነት በአንድ ቀን ይራገፋል፤ ለዚህ ይህን ያህል ጊዜ ለምን ትያዛለች ብለው ያዙት። እንድርያስም ሌላ ጥፋት መገኘቱን ነገራቸው። መርከብ ስትሰጥም ሰዎቹ የሚያመልጡባት ጀልባ በጎኗ ተንጠልጥላ ትኖራለች። የዚህችኛዋ ጀልባ ማውረጃ መዘውር ዝጎ ተጣብቆ ኖሯል። በላዩ አዲስ ቀለም ስለተቀባ ላየው ሁሉ ደኅና ይመስላል። አዲስ መዘውር እስኪመጣና ጀልባዋ በፊታቸው ወርዳ እስክትወጣ መሥሪያ ቤቱ አይለቃትም።

«ቀለም ከተቀባ እናንተ እንዴት አወቃችሁ?»

እንድርያስ በመስታወቱ ላይ የሣላት መርከብ ውኃ እየሆነች ስትወርድ ያያት ነበር።

«ከባሕረኞቹ አንዱ ነገረን። አለቆቹ እየሰሙ፣ ይቺ ጀልባ አትወርድም፣ ሞክሩ አለን። ሞከርን፤ አልወረደችም።»

«ማነው እሱ?»

«ተረፈ ነው።»

ሽማግሌው የሰሙት አልመሰለኝም። ቆርቆሮውን አንስተው እንደገና በዚያው ቦታ አስቀመጡት።

«የሠርጉን ቀን እያወቀ?»

«እያወቀ። ለአባቴ እኔው እነግረዋለሁ ብሎኝ ነበር፤ አልሆነለትም መሰለኝ። እኔም ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ግን እርስዎ በማር ሊያስለቅቋት ሲሄዱ ዝም ብል፣ ነገ አንድ ነገር ቢሆን በየትኛው ዓይኔ አይዎታለሁ?»

አቶ ወልደጻድቅ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አየሁ። አፍረው ወደ ደኑ ዞሩ።

«ሌሎቹም አባት አላቸው» አሉ። «እሱ እነሱንም አስቦ ነው። እኔ የኔን ብቻ ሳስብ።»

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልጻፈው። እኛ የደጋና የደን ሰዎች ባሕር የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለናል። ነገር ግን በሸዋ ቤንችና በጌጫ የተለቀመ ቡና የሚሻገረው በዚያው ነው። የመርከቧ ክዳን ካፈሰሰ የገበሬው የዓመት ድካም ሻግቶ ይደርሳል፤ ገዢውም ሁለተኛ አይመጣም። የራሱን መርከብ ራሱ ያልመረመረ አገር መርከቡ በሰው ወደብ ትያዝበታለች፤ ያውም በኀፍረት። ከሁሉም በላይ መርከቧ ላይ ያሉት የእኛ ልጆች ናቸው። መሥሪያ ቤት ሁሉ እንቅፋት በሆነበት ዘመን፣ አስቦልህ «አትሂድ» የሚልህን ሰው ከሚጠላህ ለይቶ ማየት ይከብዳል። እኔም ብዙ «አትሂድ» ስለሰማሁ፣ ይህን ለመለየት በዚያ ዝናብ መዋል አስፈልጎኛል።

ባየ ከመካኒክ ጋር መጥቶ ባሌስትራው ሲቀየር፣ አቶ ወልደጻድቅ ማንም ሳያዛቸው ሸራውን ፈቱ። ሦስቱን ጆንያ አስወርደው፣ ከመንገዱ ዳር በሚያውቁት ገበሬ ቤት በአደራ አስቀመጡ። ባየ ምክንያቱን አልጠየቀም፤ ግን እስከ ሚዛን ድረስ ፊቱ ፈታ ብሎ ነበር።

ሚዛን ስንደርስ ስብሰባው አምልጦኝ ነበር፤ አላዘንኩም። አቶ ወልደጻድቅ ለአለሙ የሚላከው ማር መቅረቱን ነግረውን፣ ቆርቆሮውን አንጠልጥለው እኔንና እንድርያስን ለሽምግልና ይዘውን ወደ አስረስ ቤት ሄዱ። አስረስ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ሳያወርድ ተቀበለን። ልጁ ዓለምሸት በጓዳው በር ሻሽ እያጠፈች ቆማለች፤ እናቷ ማናልሞሽ ወንበር አቀረበችልን። ሽማግሌው ከጾም በፊት ሠርግ እንደማይኖር ሳያስጌጡ ተናገሩ።

አስረስ ፊቱ ጠቆረ። ቃሉን ለቦንጋው ሰው ሊሰጥ እንደሚችል አስታወሳቸውና ጠየቀ። «ለመሆኑ ያቺን መርከብ ያስያዘ ማነው?»

እንድርያስ ሊናገር አፉን ከፈተ። አቶ ወልደጻድቅ ክንዱን ያዙት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ? ከቴፒ ሆነው?»

«እኔ ነኝ አልኩህ። የማምለጫ ጀልባዋ አትወርድም ነበር። ልጅህን ለልጄ የጠየቅሁት መበለት ላደርጋት አይደለም። የምትቆጣውን እኔን ተቆጣ።»

አስረስ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በጣቱ ላይ ጠቀለለው፣ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው። ምን እንደሚመልስ ሁላችንም ስንጠብቅ፣ ዓለምሸት ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። እንዲያ ባለ ጉዳይ ላይ ሙሽራ አትናገርም፤ እሷ ግን ተናገረች።

«ተረፈ ደኅና ነው?»

በዚያ ቀን ሙሉ ስለ ሠርጉ፣ ስለ መርከቧ፣ ስለ ኬላው ተነጋግረን ነበር። ይህን ግን ማናችንም አልጠየቅንም።

«ደኅና ነው ልጄ» አሉ አቶ ወልደጻድቅ። «እነ እንድርያስ እየጠበቁልን ነው።»

አስረስ ልጁን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ከዚያም ሚስቱን ማሩን ወደ ጓዳ እንድታስገባው አዘዛትና፣ ከፋሲካ በኋላ ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን አለ።