የመምሬ ዘካርያስ ጣሪያ

በሐምሌ ወር አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ በንፋስ መውጫ ከተማ፣ አቶ አበጀ የቆርቆሮ ሚስማር ገዝተው ሲመለሱ ዝናብ ደረሰባቸውና ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተጠለሉ። በዚያው በረንዳ የጎረቤታቸው ልጅ ማስተዋል ቆማ ነበር። ይህች ልጅ ኮምፒውተር ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻቸውና ከሰኞ ጀምሮ እሳቸውኑ ስትፈልግ መሰንበቷን ነገረቻቸው።

አቶ አበጀ በመነኻሪያው አጠገብ ያለውን የወይዘሮ አመተ ማርያምን የኪራይ ግቢ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዙ የጥገና ኃላፊ ናቸው። ግቢው ሠላሳ ሁለት ክፍሎች አሉት። የትኛው ቧንቧ እንደሚያፈስ፣ የትኛው በር በክረምት አብጦ አልከፈት እንደሚል፣ ይህ ሁሉ በእሳቸው ራስ ውስጥ እንጂ በሌላ በየትም ቦታ አይገኝም ነበር። በዕድሜያቸው ያከማቹት ሀብት ይኸው እውቀት ነው።

ማስተዋል ስልኳን አውጥታ ወይዘሮ አመተ ማርያም ያዘዟትን ሥራ አሳየቻቸው። ለግቢው ሠራተኞች ብቻ የሚያገለግል መተግበሪያ ነው፤ ተከራይ ለማናቸውም ሠራተኛ ደውሎ ብልሽቱን ሲያስታውቅ ትእዛዙ በቀጥታ ለአናጢው ወይም ለቧንቧ ሠራተኛው ይደርሳል። አቶ አበጀ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ተመለከቱ። ከቀይና ከአረንጓዴ ሣጥኖች በቀር የታያቸው ነገር አልነበረም።

«ይህ ስልክ ጣሪያ ላይ ይወጣል?» አሉ በመጨረሻ።

«አይወጣም፣ ጋሼ። የሚወጣውን ሰው ግን ወደ ትክክለኛው ጣሪያ ይልካል።»

«እሱንማ እኔም እልካለሁ። ዛሬ ጠዋት እንኳ አዲሱን ሠራተኛ፣ ሀብቴን፣ ልኬዋለሁ።»

ሀብቴ ከእስቴ መጥቶ ከተቀጠረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። የመምሬ ዘካርያስ ቤት ጣሪያ ሁለት ቆርቆሮው ዝጎ ስለሚያፈስ፣ ቀድሞ ሄዶ እንዲያወርዳቸው፣ እሳቸውም ሚስማር ይዘው እንደሚደርሱ ነግረውት ነበር።

ማስተዋል የክፍሎቹን ቁጥር ጠየቀች። አቶ አበጀ ግራ ተጋቡ፤ በበሮቹ ላይ ቁጥር ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ ከግቢው መግቢያ ጀምረው በስም በስማቸው ይጠሩላት ጀመር፤ የልብስ ሰፊዋ ቤት፣ የመምህሩ ቤት፣ የወታደሩ ቤት እያሉ።

«በልብስ ሰፊዋ ቤት አሁን የሚኖረው ማን ነው?»

«መምህሩ።»

«በመምህሩ ቤትስ?»

«እዚያማ ነጋዴው ነው።»

«ወታደሩስ?»

«ወታደሩ እኔ ሳልቀጠር ነው የሄደው።»

ልጅቱ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። አሁን ግራ የተጋባችው እሷ ነበረች። አንድ የተከበረ ሰው የኖረበትን ቤት፣ ሰውየው ከለቀቀ በኋላም በስሙ መጥራት የቆየ ልማዳችን ነው። ለነባሩ ሰው ምንም አያስቸግረውም፤ እንግዳውን ግን ማን ያስረዳዋል?

አቶ አበጀ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። በራሴ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደዚያ ከገባ፣ እኔ ለምን እፈለጋለሁ?»

ማስተዋል ልትመልስ ስትል የአቶ አበጀ ስልክ ጠራ። የምትደውለው ከግቢው ተከራዮች አንዷ፣ ሰርኬ ናት፤ ከወለደች ሃያ ቀኗ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ብትጠብቅም የመጣ እንደሌለ፣ አልጋው ስለራሰ ሕፃኑን ከጠረጴዛ ሥር እንዳስተኛችው በለሆሳስ ነገረቻቸው። አቶ አበጀ የሚያደርጉት ጠፋቸው። ሀብቴ ከሄደ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ደወሉለት።

«ጣሪያው ላይ ነኝ፣ ጋሼ። ሁለቱንም አውርጃለሁ። ነገር ግን ዝጓል ያሉኝ ቆርቆሮ አዲስ ነው፤ ግራ ገብቶኝ እርስዎን እየጠበቅሁ ነው።»

ማስተዋል ስልኩን ተቀብላ፣ ከተቀመጠበት ምን እንደሚታየው ጠየቀችው።

«የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት» አለ።

ከኪራይ ግቢው ጣሪያ የሚታየው መነኻሪያው ነው እንጂ ጉልላት አይደለም። መምሬ ዘካርያስ በግቢው የነበራቸውን ክፍል ከለቀቁ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አሁን የሚኖሩት በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በሠሩት ቤት ነው። ሀብቴ በመንገድ ሲጠይቅ፣ የከተማው ሰው በትሕትና እደጃቸው ድረስ ሸኝቶታል። ሰርኬ የምትኖርበት ክፍል ደግሞ እስከ ዛሬ «የመምሬ ዘካርያስ ቤት» እየተባለ ይጠራል።

በባጃጅ ሲደርሱ መምሬ ዘካርያስን ከቅዳሴ ተመልሰው፣ በገዛ ቤታቸው ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው ቆመው አገኟቸው።

«አቶ አበጀ» አሉ፣ «እባክዎ ስሜን ከዚያ ክፍል ያውጡልኝ። የለቀቅሁት ዝናብ ተከትሎኝ መጣ።»

አቶ አበጀ ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። ይቅርታ ጠይቀው፣ ቆርቆሮውን በገዙት ሚስማር አስመቱና ሀብቴን ይዘው ወደ ሰርኬ ሄዱ። ጣሪያው ተጠግኖ ሕፃኑ ወደ አልጋው ሲመለስ ከክፍሉ ወጡ።

ማስተዋል በሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ጠዋት የጠየቁኝን አልመለስኩልዎም። እኔም ቁጥር ብቻ መጠየቄ ስሕተት ነበር፤ የሰርኬን ክፍል ሰባት ቁጥር ቢሉት ነባሮቹ ሠራተኞች አያውቁትም። ሠላሳ ሁለቱን ቤቶች ከእርስዎ በቀር የሚነግረኝ የለም። ግን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዛሬ ታመው ተኝተው ቢሆን፣ ሰርኬ ለማን ትደውል ነበር?»

አቶ አበጀ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ለራሳቸው አቅርበውት አያውቁም። ከዚያም በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ጻፊ» አሉ። «በመጀመሪያ የዛሬውን ጥፋት ጻፊ፤ ላኪው ቤቱን በለቀቀ ሰው ስም ጠራው በዪ። ከዚያ ከበሩ እንጀምራለን።»

ሥራው ሁለት ሳምንት ወሰደ። እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ተሰጠው፤ በስልኩ ላይም የበሩ ፎቶግራፍ፣ የዛሬው ነዋሪ ስም፣ ከበታቹም በትንንሽ ፊደል የቀድሞው መጠሪያ ሰፈረ። አዲስ ሠራተኛ መንገደኛ መጠየቅ ቀረለት። አንዱ የጠገነውን ሌላው እያነበበ፣ ደኅናውን ቧንቧ በከንቱ መፍታትም ቀረ። አራሷም ልጇን ታቅፋ አንድ ሰው እስኪገኝ አትጠብቅም።

በነሐሴ የአቶ አበጀ ወንድም ተዝካር በአርብ ገበያ ከተማ ሲወጣ፣ ከተቀጠሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ቀን ከግቢው ራቁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። አቶ አበጀ እንደ ልማዳቸው ብድግ አሉ፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን ለራሳቸውም ግራ ገባቸው። ስልካቸውን አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉ። ከሰባት ቁጥር፣ ከሰርኬ ክፍል፣ ትይዩ አረንጓዴ ሣጥን በርቷል፤ «ሀብቴ አይቶታል፤ ደረቅ ነው» ይላል።

ስልኩን ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ ከወንድማቸው ልጆች መካከል ተቀመጡ።