ማርሚታውን የሠራው ሰው

«ይግቡ ዶክተር፣ ይግቡ! ኧረ ጫማዎን… ዘይቱን እንዳይረግጡት፣ በዚህ በኩል ይምጡ። የዛሬው ፀሐይ ደግሞ ምን ጉድ ነው? ጠዋት ሹራብ ደርቤ ወጥቼ፣ አሁን ይሄ ቆርቆሮ ጣሪያ ሊያቀልጠን ነው። ይቺኛዋ ወንበር ንጹሕ ናት፣ አረፍ ይበሉ። ክሊኒኩስ እንዴት ነው? ሰው አሁንም ጥርሱን ያመዋል? እሰይ! ማለቴ… ለእርስዎ እሰይ፣ ለታማሚውማ እግዜር ይማረው።»

እቴቴ ይህን ሁሉ ስትለፈልፍ በአንድ እጇ ወንበሩን በጨርቅ ትወለውላለች፣ በሌላው ሻይ ትቀዳለች። ስታወራ ላያት ሰው ከወሬዋ በቀር ሌላ ሐሳብ ያላት አትመስልም። እሷን የሚያውቃት ግን ጠጋ ብሎ አይቀመጥም፤ እቴቴ እንዲህ ስትጣፍጥ አንድ ሰው ሊበላ ነው ማለት ነውና።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳላት የስፖርት መኪና አለችው። ለእሷ በልኳ የተሰፋ አዲስ የስቴንለስ ማርሚታ፣ ያው የጭስ ማውጫ፣ አዝዞ፣ ሦስት ሳምንት ጠብቆ፣ ዛሬ ሊወስዳት መጣ። መኪናዋ ወርክሾፑ መሐል ላይ ቆማለች። ከሥሯ፣ ለሥራ ተብሎ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ፣ የእቴቴ ታናሽ ወንድም የመጨረሻዎቹን ብሎኖች ያጠብቃል። ፂሙ ደረቱን ሊነካ ምንም ያልቀረው ሰውዬ ነው፣ እሷ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው የምትለው።

ሐኪሙ ባዶ እጁን አልመጣም። ቅዳሜ መኪናዋ ለውድድር ትታያለችና፣ ማርሚታው ላይ የምትለጠፍ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ሰሌዳ አስቀርጾ ይዟል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። እቴቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበች፦ «ይህን ማርሚታ በእጁ የሠራው…» ይልና፣ ከዚያ ሥር የወንድሟ ስም እስከነአያቱ። ከፊቱ ደግሞ ኢንጂነር!

ሐኪሙ ምን ያድርግ? ማን ሠራው ብሎ በስልክ ጠይቋል፣ «እኔ ነኛ፣ በእጄ!» ተብሏል። እውነቱ ግን የዚያ ቧንቧ ብየዳ ሁሉም የእቴቴ ነው። ሠላሳ ዓመት በይዳለች፤ ከእጇ የወጣውን ማርሚታ ቆጥራው አታውቅም፤ ስሟ ግን አንዱም ላይ ተጽፎ አያውቅም። ወንድሟን በሰው ፊት ውሸታም ማለት ደግሞ አይሆንላትም፣ ሞቷ ነው። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ራሱ ብቅ ብሎ «እህቴ ናት» እንዲል። ሁለት ቃል። ለዚህ ነው ሻይ ቀድታ የተቀመጠችው።

«ሰሌዳዋ እንዴት ታምራለች ዶክተር! “በእጁ” የምትለዋ ቃል ደግሞ… አቤት! እጅማ ነው እንጂ። ይሄ ቧንቧ እንደ ላስቲክ እጥፍ የሚል መሰለዎት? እልኸኛ ብረት ነው። በስሱ በስሱ ተቆርጦ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በአንድ ጎኑ ሰፋ በሌላው ጠበብ ብሎ፣ አንዱ ካንዱ ሲበየድ ነው ኩርባ የሚወጣው። አርባ አንድ ቁራጭ! ታዲያ ይህን የሠራው ሰው እጁን አይተውታል? ጠባሳ የለው፣ ጭረት የለው፣ ጥፍሩ እንኳ እንደ እርስዎ የጸዳ ነው። የኔን ይዩት እስቲ… ይኸው እዚህ፣ እዚህም፣ ይቺኛዋ የዛሬ ሳምንት ናት። እሱ ይበይዳል፣ እኔ እቃጠላለሁ! ምን ይደረግ፣ አንዳንዱ ሲፈጥረው የታደለ ነው።»

ጉድጓዱ ውስጥ የብሎን ቁልፉ ማጥበቁን አቆመ። ሐኪሙ ሳቀ፤ እህት በወንድሟ ስትኮራ ያየ መሰለው።

«ይስቃሉ? እኔማ ገርሞኝ ነው። ደግሞ ትሕትናው! ሲሠራ ሰው እንዲያየው አይፈልግም። ይታይዎት፣ አንድ ጣሪያ ሥር እየዋልን ሲበይድ አይቼው አላውቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጭንብሌን አጥልቄ እዚያው ቧንቧ ላይ ተደፍቼ፣ ወገቤ እስኪቀር… አንድ ቀን እንኳ ብልጭታውን ባየው ምን ነበረበት? በየት ገብቶ፣ መቼ በይዶ፣ በየት ይወጣል? እንዲህ ያለ ረቂቅ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔ እንጃ፣ ምናልባት ስተነፍስ ነው የሚሠራው።»

አሁን ቁልፉ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እቴቴ አንገቷን ሰገግ አድርጋ «አይዞህ» አለችና ወደ እንግዳዋ ዞረች። ሻዩን ጨመረችለት፤ ስኳሩን ሦስት ማንኪያ አድርጋ በል ጠጣ ልትለው ምንም አልቀራትም። ሲበዛ ደስ ብሏት ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

«ጥርስ ሐኪም ስኳር ይፈራል እንዴ? ይጠጡ፣ የኔ ሻይ አይጎዳም። ምን እያልኩ ነበር… አዎ፣ ድምፁ! መጀመሪያ ሲመጡ ምን ነበር ያሉን? ረጅም መንገድ ስነዳ ያ የድሮው ማርሚታ ሆዱ እንደሚጮኽ ሰው ጉምምም እያለ ራሴን ይፈልጠኛል አላሉም? አሁን ግን ሲረግጧት ታገሳለች፣ ተረጋግተው ሲነዱ ዝም። ይሄን ለማምጣት ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። ጆሮ ያለው ሰው ነው የሠራው፣ ጆሮ! ያን ቀን ለሙከራ ወጥተው ሲነዱ ከጎንዎ ወንበር ላይ ጎንበስ ብላ፣ ጆሮዋን ወለሉ ላይ ለጥፋ፣ “አሁን ፍጥነት ይቀንሱ፣ አሁን ይጨምሩ” የምትልዎት ማን ነበረች? አዎ፣ እኔ። እኔማ አየር ልቀበል ነው የወጣሁት! ባለሙያውማ እዚህ ቢሮ ተቀምጦ ስልክ ያወራ ነበር። እዚህ ሆኖ ነው ለካ የሰማው። ከዚህ እስከ ትልቁ መንገድ! እንዲህ ያለ ጆሮ ለጠላቴም አልመኝ፣ ስንት ነገር ይሰማል።»

የሐኪሙ ፈገግታ እዚህ ላይ አጠረች። ያን ቀን ትዝ አለው መሰል፣ የሻዩን ብርጭቆ አፉ ጋ አድርሶ ሳይጠጣ መለሰው። እቴቴ ግን ያላየች መስላ እጇን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና አንዲት የጣት ስፋት ያላት የቧንቧ ቀለበት አወጣች።

የዚህች ቀለበት ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ስቴንለስ ሲበየድ ከአየር የሚጠበቀው ከውጭ ብቻ አይደለም። የቧንቧው ሁለት ጫፍ በፕላስተር ይደፈንና ውስጡ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሞላል፤ ያለዚያ ውጩ አምሮ ውስጡ ያርራል። ይህን በያጅ ሁሉ ያውቃል። ማሙሽም ያውቃል፣ እሷው ናት ያስተማረችው። ግን የዛሬ አሥር ቀን አንድ ካሜራ ያለው ጓደኛውን ጠርቶ፣ አዲስ ጓንት አጥልቆ፣ አንዲት መጋጠሚያ እየበየደ ፎቶ ተነሣ። በቀኝ ተነሣ፣ በግራ ተነሣ። የጋዙን መክፈቻ ረሳው። እቴቴ ከምሳ በፊት ባትሪ አብርታ ውስጡን አየች፣ ምንም ሳትል ቆርጣ አወጣችው፣ በአዲስ ቁራጭ ተካችው። እሱ እስከ ዛሬ አላወቀም።

«ይቺን ደግሞ ይዩልኝ እስቲ ዶክተር። የማን እንደሆነች እንጃ፣ ወለል ስጠርግ ነው ያገኘኋት። እኔ እንግዲህ መጥረጊያ ነው ሥራዬ። ውጭዋን ይዩት! ሰማያዊው፣ ወይን ጠጁ፣ ወርቅማው… ፎቶ ላይማ እንዴት ወጥታለች መሰለዎት፣ ስንት ሰው ወደዳት አሉ። ውስጧን ግን ይተዉት። የሰውን ውስጥ ማን ያያል? ውይ ረስቼው፣ የእርስዎ እንጀራ ይኸው አይደል! በሉ ወደ ብርሃኑ ዘንበል ያድርጓት። ስኳር ድስት ላይ ሲያር አይተው ያውቃሉ? እንደሱ ነው። ጋዙ ተረስቶ ነው። ሰው ፎቶ ሲነሣ ምን የማይረሳው አለ! እና ይቺ መኪናዎ ላይ ብትቀር ምን ትሆን ነበር ይላሉ? ምንም። አምስት ወር፣ ስድስት ወር ትቆይና ጧ ትላለች። ግን አልቀረችም፤ አንድ ሰው ቆርጦ አውጥቷታል። ማን ይሁን? ወይ ይሄ ቤት ሰይጣን አለበት፣ ወይ ባለሙያው ራሱ… በዚያች በረቂቋ ሰዓቱ።»

ሐኪሙ ቀለበቷን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሰው አፍ ሲያይ እንደሚያደርገው አንገቱን አዘመመ። ጥቁሩን፣ የተቦረቦረውን አየ። ከዚያ የእቴቴን እጆች አየ። ከዚያ ሰሌዳዋን። ፊቱ ቀላ፤ እጁን ሰደደና ሰሌዳዋን ወደ ኪሱ ሊከታት ሲል እቴቴ ቀደመችው።

«ኧረ ምን ሆነዋል ዶክተር! ወዴት ነው? ስንት የደከሙበትን ጽሑፍ! እርስዎ የተነገርዎትን ነው ያስጻፉት፣ ምን አጠፉ? ይቀመጡ፣ ሻይዎን ይጨርሱ። የሠራው ሰው ራሱ በእጁ ይለጥፋታ። ፊደሉ ከተሳሳተ ደግሞ አፍ አለው፣ ይናገራል። አንድ ፊደል ጎድሏል፣ አንድ ስም ጎድሏል ቢል ማን ይቆጣዋል? እኔ እቆጣለሁ? እኔማ እስቃለሁ እንጂ፣ እንኳን ተናገርክ ብዬ ጉንጩን ስሜ!»

ይህን ብላ ጎንበስ አለችና ሰሌዳዋን ከሁለት ማያያዣ ሪቬት ጋር ወደ ጉድጓዱ ዘረጋች። አንድ እጅ ብቅ ብሎ ተቀበላት።

እዚህ ላይ እቴቴ ቀልዱ ሁሉ ጠፋባት። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ጭንብሉ ሰፍቶት ሲወድቅበት፣ ከኋላው ቆማ እጁን በእጇ ይዛ የመጀመሪያዋን መስመር ያስበየደችው እሷ ነበረች። «በል የኔ ማሙሽ፣ በል» አለች በልቧ። «እህቴ ናት በል። ካልክ ስምህም ከፊት ይሁን፣ ኢንጂነሩም ይሁንልህ፣ ሁሉንም እተውልሃለሁ።» እውነቷን ነበር። ሁለቱን ቃል ቢላት ያን ቀን ምሳ የምትጋብዘው እሷ ነበረች።

ድሪሉ ጮኸ።

አንድ ቀዳዳ። ትንሽ ቆየ። ሁለተኛው ቀዳዳ። ከዚያ ሪቬቶቹ ቸክ፣ ቸክ አሉ።

እቴቴ ቀና አለች። ዓይኗ ውኃ ሞልቷል፤ ጠረገችውና «ይሄ ፀሐይ!» አለች። ከዚያ ከትከት ብላ ሳቀች፣ እንዲያውም ከልቧ ነው የሳቀችው፣ እጇን አጨበጨበች።

«እሰይ! ተለጠፈች ዶክተር፣ አለቀ ደቀቀ። ምነው አኮረፉ? ቅዳሜ ሰው ሁሉ ተንበርክኮ ነው የሚያነባት። ይልቅ አንድ የምሥራች ልንገርዎት፤ የባለሙያው ባለቤት በዚህ ወር ትወልዳለች። ወንድ ነው አሉ! ሙያው ወራሽ አገኘ ማለት አይደል? እንግዲህ እኔ ታላቅ ነኝ፣ እጄ ባይሠራ አፌ መመረቅ አያቅተውም። ይነሡልኝ እስቲ፣ ምርቃት ተቀምጦ አይደለም። እግዜር ይህን ማርሚታ ለሠራው ሰው ቁርጥ እሱን የመሰለ ልጅ ይስጠው። በመልክም፣ በአመልም። እጁን ይዞ አስተምሮ፣ ያለውን ሙያ ሁሉ ሳይሰስት ሰጥቶ፣ ለስም ለማዕረግ ያብቃው። ያ ልጅ ደግሞ አድጎ፣ ፂም አውጥቶ… አባቱ አስተማሪውን እንዳከበረ፣ ሳያጎድል ሳይጨምር፣ ልክ በዚያችው ልክ አባቱን ያክብረው። አሜን ይበሉ እንጂ ዶክተር! …እህ፣ ከታች ያለኸውስ? አሜን በል እንጂ የኔ ጌታ፣ እንዲህ ያለ ምርቃት ዝም ተብሎ አይታለፍም።»