ከሶፋው የወጣው ስፖንጅ

ሄሎ... አዎ፣ መርስዔ ኀዘን ነኝ። ማን ልበል? ... ክንዱ! አንተ፣ ተማሪ መምህር ሲሆን ስልክ መደወል ይረሳል እንዴ? ... ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጡረታ ምን ሥራ አለው... ዘንዘልማ ቁጭ ብዬ የሚያልፈውን ባጃጅ ሳይ እውላለሁ።

... ላብራቶሪውን ባዶ ልታደርጉት? ዛሬ? ... የኔንም ማሽን ልትጥሉት? ... ሁለት ቺንጊያ ተደራርበው የሚዞሩበትን፣ መንቀጥቀጣቸውን ያጠናሁበትን? — አደይ፣ እባክሽ ልጄ፣ ሬዲዮኑን ቀንሽው — ቀጥል፣ እሰማሃለሁ።

... ማሽኑስ ይሂድ፣ ብረት ነው። ስፖንጁን እንዳትጥልብኝ ብቻ። ... በሁለቱ ቺንጊያ መሀል የተለጠፈው ነዋ። የባለቤቴ ነው... የየብርጓል፣ ነፍሷን ይማርና። ... አልነገርሁህም? ልኩን የሚሆን ስፖንጅ አጥቼ ስንከራተት፣ የሰርጋችንን ሶፋ ቀድዳ አመጣችልኝ። «እንካ፣ ከዚያ ከሚንቀጠቀጠው ወዳጅህ ጋር ተኛበት» አለችኝ። ... ሳቅ፣ ሳቅ። እኔም ስቄያለሁ።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ከመስኮቱ ሥር ትቆም ነበር። አንኳኩታ አታውቅም። የማሽኑ ድምፅ ሲረግብ መጨረሴን ታውቃለች። ወጥቼ ወደ ጣና ዳር እንወርዳለን፣ ዓሣ እንበላለን... ኧረ ያ ጊዜ ናፈቀኝ፣ ክንዱ።

... ምን አልህ? ... ደርቋል? ... እሺ። እንዲሁ ቢላጥ ሳይፈርስ ታመጣልኛለህ፣ ማሽኑን ለመጨረሻ ጊዜ ካስነሳኸው ግን ይፈረፈራል። ... እኔ ልምረጥ?

 

አስነሳው። ስፖንጁን ባስቀምጠው ምን ያደርግልኛል፣ ድምፁን ነው ያጣሁት። ... ቀስ ብለህ፣ እሺ? ሁለቱ ቺንጊያ አብረው ሲወዛወዙ ስፖንጁ አይጎተትም። ተቃርነው ሲሄዱ ነው የሚበጥሱት። ይህን ብነግራት የብርጓል «ይህማ ለኛም ይሠራል» አለችኝ።

— አደይ፣ ነይ እዚህ፣ ጆሮሽን አስጠጊ። የእናትሽ ሶፋ ነው። —

ስልኩን አቅርበው... ... ትንሽ ጨምር... ... እንደሱ። ... ... ሰማሽ፣ ልጄ? እንዲህ ነበር የሚለው... ...

... ማሽኑ ተንኳኳ። ስፖንጁ ተበጠሰ፣ አይደል? ... ምን ይቅርታ ያስፈልጋል፣ እኔ ነኝ ያልሁህ። በል አጥፋው።

... ፍርፋሪውን በፌስታል ሰብስብልኝ። ... አይ፣ አንተ አታምጣው። እኔ እመጣለሁ። ... አልገባም፣ ሥራህን ሥራ። ከመስኮቱ ሥር እቆማለሁ፣ ስትጨርስ ትወጣለህ።

— አደይ፣ ጫማዬን አቀብይኝ። —

በል ቻው።