የባሌስትራውን ጋሻ የሠሩት የአቶ ክንፈ ያለው ዜና ሕይወት

ከመካነ ሰላምም ከደጎሎም መጥታችሁ በዚህ በጥድ ሜዳ ሚካኤል ቅጽር የተሰበሰባችሁ ካህናት፣ የዕድር ሰዎችና ሐዘንተኞች ሆይ፤ ይህን ዜና ሕይወት ያስጻፍኩት የሟች ጎረቤት እኔ ፈንታሁን አምባቸው ነኝ። ፊደል ስላልቆጠርኩ ዲያቆኑ ያነብልኛል። ብዙ ወሬ እንደማልወድ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት የዋጥኩት ነገር ስላለ፣ አፈሩ ከመመለሱ በፊት ስሙኝ።

አቶ ክንፈ ያለው ከአባታቸው ከአቶ ያለውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቄ በ1931 ዓ.ም. በዚሁ በጥድ ሜዳ ተወለዱ። አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ፤ አያታቸውም እንዲሁ። በዚህ አገር በነሱ ማረሻ ያላረሰ፣ በነሱ ማጭድ ያላጨደ ገበሬ የለም፤ ይሁን እንጂ ማረሻውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚገባው ያው ገበሬ፣ ለባለእጁ ጠላ ሲያቀርብ በገል ቀድቶ ያቀርብ ነበር፤ ገሉንም ኋላ ወደ ገደል ይወረውረው ነበር። ይህን የማውቀው የእኛም ቤት ይህንኑ ያደርግ ስለነበረ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከየኔታ ዘንድ ገብተው፣ ፊደል ለይተው፣ ንባብ ጨርሰው፣ ዳዊት ሊጀምሩ ሲሉ፣ አንድ ተማሪ ሆዱን ቁርጠት ይዞት «የቀጥቃጩ ልጅ በላኝ!» ብሎ ስለጮኸ ከተማሪ ቤት ተባረሩ። ልጁን ቁርጠት የያዘው ከሰው ማሳ የሰረቀውን ጥሬ ባቄላ ጠግቦ እንደሆነ ግን የኔታም፣ የልጁ እናትም፣ የባቄላው ባለቤትም ያውቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከአባታቸው ወናፍ አጠገብ ተቀምጠው ሙያውን ተማሩ። በ1954 ዓ.ም. ወይዘሮ ሐረግን አግብተው ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ በ1965ቱ ድርቅ አባታቸውን ቀበሩ፤ በ1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅም ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው መሬት ተመራላቸው። ታናሽ ወንድማቸው ንጉሡ ከደስታው ብዛት ወዲያው የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ሆነ። ወደ አገራችን የተላከው ካድሬ በየስብሰባው «ባለእጅ የሰፊው ሕዝብ ልጅ ነው፤ ከእንግዲህ ቡዳ የሚል ሁሉ አድኃሪ ነው!» እያለ ይሰብክ ነበር፤ ምሳ ሲቀርብ ግን ከንጉሡ ጋር ከአንድ ትሪ ላለመብላት «ጨጓራዬን ያመኛል» ይል ነበር። የካድሬውን ስም አልጠራም፤ በዚህ ቅጽር ውስጥ እንዲጠራም አልፈልግም።

መሬታቸው የተወረሰባቸው ባላባቶች ሸፍተው ቁራ አምባ ላይ መሸጉ። የአምባውን ሥር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዳገቱ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እንደ መዳፍ የተላጨ ነው፤ ድንጋይ የለው፣ ቁጥቋጦ የለው። በጥር 1969 ጥበቃዎቹ ያን ዳገት ውጡ ተባሉ፤ ከላይ በምንሽር ሲለቀሙ፣ ንጉሡ ገና ሃምሳ እርምጃ ሳይሄድ ደረቱን ተመትቶ ወደቀ። አቶ ክንፈ የወንድማቸውን ሬሳ በጀርባቸው አዝለው አወረዱ። በመንገድ ላይ ብዙ ሰው አገኛቸው፤ ያገዛቸው ግን አልነበረም።

ሰው እንዲህ ያለ ሐዘን ሲደርስበት ወይ ያለቅሳል፣ ወይ ይረግማል። እሳቸው ግን በአርባው ማግስት ያንን ወደሚመስል ማዶ ዳገት ሄደው፣ በሆዳቸው ተኝተው እየተሳቡ መሬቱን ለኩት። ወደ ቤት ሲመለሱ ለወይዘሮ ሐረግ ያሏቸው «መሬቱ መሸሸጊያ ከሌለው፣ ሰውየው መሸሸጊያውን ይዞ ይሂዳ!» ነው። እንግዲህ ያ ጋሻ የመጣው ከዚህ ሐሳብ ነው፤ የሰው ልጅ እንደ ወንድማቸው በከንቱ እንዳይወድቅ ከማሰብ ነው፤ ከጥንቆላም፣ ከበቀልም አልመጣም።

በመጀመሪያ የማረሻ ብረት ቀጥቅጠው ሞከሩ፤ ተሰነጠቀ። የበሬ ቆዳ አራት እጥፍ ሰፍተው ሞከሩ፤ ጥይቱ ወንፊት አደረገው። አቶ ጀብሪል የሚባሉ የደጎሎ ሾፌር ወዳጅ ነበሯቸው፤ በዚህ ሁሉ አገር እቤታቸው ገብተው በዋንጫቸው የሚጠጡ ብቸኛው ሰው እሳቸው ነበሩ። የአቶ ጀብሪል የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ ተሰብሮ ቀርቶ ነበርና «ወላሂ ክንፈ፣ ይህ መኪና ከእንግዲህ የዶሮ ማደሪያ ነው፤ ባሌስትራውን ፍታና ውሰደው» አሏቸው። ባሌስትራ ማለት ከመኪናው ሥር ተደራርቦ ጭነቱን የሚሸከመው ወፍራም ብረት ነው።

እዚህ ላይ የሰውየውን ሙያ ልብ በሉ። ሌላ ቀጥቃጭ ቢሆን ብረቱን እሳት ውስጥ ከትቶ መዶሻውን ያነሣ ነበር። እሳቸው ግን ይህ ብረት እሳት ካየ ልቡ እንደሚሞትና እንደሚለሰልስ ዐውቀው፣ ወናፋቸውን ሳይነኩ፣ አጫጭሮቹን መርጠው ጠርዝ በጠርዝ አነባብረው በእርጥብ ጠፍር አሰሩት፤ ጠፍሩ በደረቀ ቁጥር እየጠበቀ ብረቶቹን አንድ አካል አደረጋቸው። ከኋላው ቅል አስቀምጠው አቶ ጀብሪል በምንሽር ተኮሱበት፤ ጥይቱ አላለፈም፣ ፍንጣሪው ግን ቅሉን ሰበረው። ቆዳና ዝተት ከውስጥ ደረቡለት፤ ሁለተኛው ቅል ተረፈ። ቀጥ ብሎ ሲቆም ብረቱ ብዙ እንደሚጎዳ፣ ጋደል ሲል ግን ጥይቱ ተንሸራቶ እንደሚሄድ ደረሱበት። ተኝተው የሚገፉበት እጀታ፣ ሲነሡ የሚያዝሉበት ማንገቻ፣ ለአፈሙዝ የምትሆን ቀዳዳ አበጁለት። ክብደቱ የአንድ ሙክት ያህል ነበር።

ካድሬው ወሬውን ሰምቶ በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ከመካነ ሰላም ገበያ ዳር እንዲያሳዩ አዘዘና «የምትተማመንበት ከሆነ ራስህ ግባበት!» አላቸው። አቶ ክንፈ አማትበው ከጋሻው ኋላ ተኙ። አራት ጊዜ ተተኮሰ። ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉ። እልል ይባላል ብዬ ስጠብቅ የሰማሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ጥይት የማይነካው ቡዳ!» አለ አንዱ። «ኧረ እንኳን ጥይት ጅብም አይነካው፤ ዘመዱ አይደል እንዴ!» አለ ሌላው፤ ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ።

ነገሩ የተበላሸው የዚያን ዕለት ነው። ሕዝቡ ያየው ብረቱን አልነበረም። ጥይቱን የመለሰው ቀጥቃጩ በእጁ የያዘው መድኃኒት ነው ተብሎ አገር ምድሩ አመነ።

ካድሬው አርባ ጋሻ በሃያ ቀን እንዲደርስ አዘዘ። የአቶ ጀብሪል መኪና የበቃው ግን ለሁለት ጋሻ ብቻ ነበር፤ ከሁለቱም አንደኛውን ካድሬው ለበላዮቹ ሊያሳይ ይዞት ሄደ። ለቀረው ባዶ የናፍጣ በርሜል አስቆርጦ፣ አረንጓዴ ቀለም አስቀብቶ፣ ይኸው ጋሻ አለ። አቶ ክንፈ ይህን ሲያዩ ሚሊሺያው በተሰለፈበት ወደ ፊት ወጥተው፣ የበርሜሉን ጋሻ መሬት ላይ ዘርግተው፣ በአንድ የመዶሻ ምት ምስማር አሳለፉበት። «ምስማር ያላቆመ ቆርቆሮ ጥይት ያቆማል ወይ? እናንተ ሰዎች፣ የሚመልሰው ብረቱ ነው! እኔ እጅ ላይ ያለው የከሰል እድፍ ብቻ ነው!» አሉ። ማን ይስማቸው! «መድኃኒቱን ሊነፍገን ነው» ተባለ። «የወንድሙን ሬሳ ስላላገዝነው ሊበቀለን ነው» ተባለ። አለማገዛችንን ግን ዐውቀን ኖሯል! ካድሬውም «አሻጥረኛ» ብሎ አሳሰራቸው።

በማግስቱ ሚሊሺያው እየተጠራራ ወደ ወናፋቸው ጎጆ ሄዶ፣ ከምድጃው ጥላሸት እያፈሰ የበርሜሉን ጋሻ ይቀባ ጀመር። ወይዘሮ ሐረግ በሩ ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ያ ጋሻ እኮ እሳት የሚባል አላየም፤ ከዚህ ምድጃ ምን ፈልጋችሁ ነው?» ብለው ቢለምኑ «ዞር በይ ከዚህ!» ተባሉ። በዋንጫችን አናጠጣውም ያልነውን ሰው ጥላሸት፣ በዚያ ቀን ግንባር ላይ እንደሚቀባ የቤተ ክርስቲያን እምነት ተሻማንበት። አጉል እምነት ይውደም ሲል የከረመው ካድሬም አይቶ ፈገግ አለና አለፈ፤ ወኔ ይሰጥልኛል ብሎ ነዋ!

እኔም ከሚሊሺያው አንዱ ነበርኩና ጋሻዬን ቀብቻለሁ። ጉዞው ሲነሣ ግን የቀረውን አንዱን የባሌስትራ ጋሻ የሚሸከም ጠፋ። «ይህን ይዞ ዳገት ከመውጣት በሬ ማዘል ይሻላል» እየተባለ ከሰው ሰው ሲገፋ፣ ጓደኛዬ አሻግሬ «ለፈንታሁን ስጡት፤ እሱም አይናገር፣ ብረቱም አይናገር፣ ይስማማሉ» ብሎ አሳቀብኝና፣ ቀላሉን ከእጄ ወስዶ ከባዱን አሸከመኝ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ጨዋታ ወዳድ ነበር።

በሰኔ 1969 አርባ ሆነን ዳገቱን ጀመርን። የበርሜሉ ጋሻ እንደ ጎመን ቅጠል ተበሳ። ሃያ ሦስት ሰው እዚያው ቀረ። እኔ የተኛሁበትን ብረት ጥይት ስድስት ጊዜ መታው፤ ስድስቱንም መለሰ። አሻግሬ ከኔ ሁለት ክንድ ርቆ፣ ያን ጥላሸት የተቀባ ቆርቆሮ እንደ ታቀፈ ሞተ።

ካድሬው ለበላዮቹ «ቀጥቃጩ ሆን ብሎ ያበላሸው ጋሻ ሕዝብ አስፈጀ» ብሎ ጽፎ ሹመት አገኘበት። አገሬው ደግሞ «ከእስር ቤት ሆኖ በላቸው» አለ። በሌላ ነገር ሁሉ የማይስማሙት መንግሥትና ሕዝብ በአንድ ምስኪን ላይ ተስማሙ! እኔን «አንተ እንዴት ተረፍክ?» ሲሉኝ «እግዜር አወጣኝ» አልኩ። እግዜር በማን እጅ ሥራ እንዳወጣኝ ግን አልተናገርኩም። በዚያን ጊዜ መናገር ነፍስ ያስከፍል ነበር እንበል። በ1983 ያ መንግሥት ሲወድቅስ? ካድሬው ደብዛው ሲጠፋስ? ያኔ አፌን የያዘው ፍርሃት አልነበረም፤ ከእናንተ ጋር ተቀምጬ መጫወት እንዳይቀርብኝ ነው። ለዚህ ብዬ ነው የሰው ስም ያስቀበርኩት።

አቶ ክንፈ አራት ዓመት ታስረው በ1973 ተፈቱ። የ1977ቱ ረሃብ ሲመጣ ከሰው ጋር ለእርዳታ እህል ቢሰለፉ «ዓይኑ ስንዴውን ያጠፋዋል» ተብለው ወደ ሰልፉ መጨረሻ ተገፉ፤ ተራቸው ሲደርስ እህሉ አልቆ ነበር። ታናሽ ልጃቸው ብርሀንነሽ በዚያው ሳምንት ሞተች። ሰፈርተኛው ለዚህም «ልጁን ራሱ በላት» አለ። ኧረ እግዜርን የማንፈራ! የሰልፉን ቦታ የነሣናት እኛ አይደለንም ወይ? መቃብር ብዙ በሚቆፈርበት በዚያ ክረምት፣ የሰፈሩ ዶማ ሁሉ ሲዶለዱም፣ የገዛ ልጃቸውን በቀበሩ በሦስተኛው ቀን ምድጃቸውን አንድደው የእያንዳንዳችንን ዶማ የሳሉልን እሳቸው ናቸው። ዶማውን ግን ደጅ ላይ ጥለንላቸው፣ ደጅ ላይ አነሣነው።

ከዚያ ወዲህ እጃቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሠርተው፣ ሁለቱን ሴቶች ልጆቻቸውን አስተምረው ለቁም ነገር አብቅተዋል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በደረት ሕመም ተይዘው፣ መካነ ሰላም ድረስ እየተመላለሱ ሲታከሙ ከቆዩ በኋላ፣ በጥር 2001 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ከማረፋቸው ከሁለት ሳምንት በፊት ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀምጬ «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አልኳቸው። «አውፍ ብዬሃለሁ ፈንታሁን» አሉኝ። «ግን የበደልከው እኔን ብቻ መሰለህ? እኔስ ያልሠራሁትን ዐውቄው ኖርኩ። የአሻግሬን ሚስት ሂድና ንገራት፤ የባሏን ገዳይ ሳታውቅ አርጅታለች።» ሄጄ ለወይዘሮ ንግሥቴ ነገርኳቸው። ጥሬ ያበጥሩ ነበር፤ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። «በጧት በማታ የረገምኩት እርግማን አሁን ወዴት ይሂድ? አንተ ላይ ልመልሰው?» አሉኝ። ዛሬ ቀና ብላችሁ እዩ፤ ከወይዘሮ ሐረግ ጎን፣ በአንድ ነጠላ ተከናንበው የተቀመጡት ወይዘሮ ንግሥቴ ናቸው። ከሳቸው የበለጠ የተጎዳ በዚህ ቅጽር ውስጥ የለም፤ ቀድመው የመጡት ግን እሳቸው ናቸው።

አቶ ክንፈ ያለው የአርባ ሰባት ዓመት የትዳር ጓደኛቸውን ወይዘሮ ሐረግን፣ ልጆቻቸውን ብዙዬንና እንቁን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ዕድሜ ተጭኗቸው ከደጎሎ መምጣት ያልቻሉትንና ዱዓቸውን የላኩትን አቶ ጀብሪልን፣ እንዲሁም በሠሩት ጋሻ ሥር ተኝቶ በሕይወት የተረፈ አንድ ሰው፣ እኔን፣ ትተው ሄደዋል።

የድካማቸውን ዋጋ በዚህ ምድር አላገኙምና፣ ሥራን ሁሉ የሚመረምር አምላክ በቅዱሳኑ ማደሪያ ይቀበላቸው፤ ቤተሰባቸውን ያጽና፤ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ። እኛን ግን ይህን እውነት ለልጆቻችን ሳንነግር አያሳርፈን። አሜን።